ሰሌዳ ተካይ

ሥራዬ ተከላ፤ ችግኝ ግን አይደለም፣
ዝናብ ቢወርድበት ከቶ አይለመልም፤
ሁለት እግር እንጨት፣ ፊቱ ነጭ ሰሌዳ፣
«ለኪራይ» እያለ የሚጣራ ለእንግዳ።

ኮሎምቢያ ይሏታል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ናት፣
ሳትወለድ ገና በወረቀት ያሳደጓት።
ሐይቋን ሰው ቆፈረው፤ ዳክዬ መቼ አወቀ፣
ካርታ ሳይጠይቅ ነው ገብቶ የጠለቀ።
የፖስታ ሳጥኑን አንድ ላይ ደረደሩት፣
ደብዳቤ ሊወስድ ሰው ሰው እንዲያገኝበት።
ራዕይ ብለውታል። እኔ ስደርስበት
«ዕ» ከመሃል ወልቃ፣ «ኪ» ቀድማ ከፊት
ኪራይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ይሁን። አላማርርም፤ የምበላው ከዚያው ነው።

ከሣሩ ሥር ሸክላ አለ፣ ከሸክላው ሥር የእርሻ ትዝታ፣
አንዳንዴ ዶማዬ ይጋጫል ከዛገ ማረሻ ጋር ለአፍታ።
መሬት ላራሹ የሚል ጩኸት በአባቴ ዘመን ተሰማ፤
እዚህ አራሹ ሸጦ ሄደ፣ ማረሻውን ትቶ ለኔ ዶማ።

ሐይቁ ዳር አንድ ሕንጻ፣ አሥራ አራት ፎቅ መስታወት፣
ከዚያ አምስቱ ባዶ፣ ወንበር የሌለበት፣
ግን ሲመሽ ይበራል።
ሜሬዲት ኬስለር ናት ያዘዘችው፣ የኪራይ ቢሮ ኃላፊዋ፤
«ጨለማ ቤት ማን ይከራያል?» ነው ፍልስፍናዋ።
መብራቱ ያመሻል ያለ ሥራ፣ ያለ ደመወዝ፣
እስኪነጋ ድረስ ሰው መስሎ ሲፈዝ።
ሁለት ዓመት ቆመ ሰሌዳዬ እበሩ፣
ተርቦች ከኋላው ቤት እስኪሠሩ፤
እነሱ ብቻ ነበሩ
ያለ ቀብድ፣ ያለ ውል ተከራይተው የገቡ።

በመጋቢት ዕድገት መጣ።
በእግሩ አይደለም፤ በጭነት መኪና፣ ከነጠረጴዛው፣
አንድ የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት አምስቱንም ፎቅ ያዘው።
ጋዜጣው ጻፈ፦ አራት ከመቶ። ሹማምንቱ ኬክ ቆረሱ፣
ሪባን በጠሱ።
«ንቀለው» አለች ሜሬዲት ደውላ።
ነቀልኩት። ሁለት ጉድጓድ ቀረ፣ ዓይን መስሎ።
«ልጣለው?» አልኳት። «ኧረ! ሌላ ቦታ አለው፤
የመንደሩ ገበያ፣ ቁጥር ስድስት፣ ዛሬውኑ ትከለው።»

ቁጥር ስድስት የወይዘሮ ባንግ ኦክሱን ነው።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ታጥባለች፣ ትጠግናለች፣
ከሹም ሱሪ እስከ ሙሽራ ቀሚስ ታሳጥራለች።
የሐይቁ ዳር ፎቅ ሲሞላ የሷም ካሬ አብሮ ናረ፣
መርፌዋ ግን ያው መርፌ፣ ክሯም ያው ክር ነበረ።

አንገቴን ደፍቼ ስቆፍር በሩ ተከፈተ።
ስድብ ጠበቅሁ።
ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ወጣች፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና ሰሌዳውን አየች፣
«ጠሟል» አለች።
«በግራ በኩል፣ ሁለት ጣት።»
እንጨቱን በሁለት እጇ ያዘችልኝ
አፈሩን እስክመልስ፣
የገዛ ሰሌዳዋን፣
እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እኩል እንዲወርድ ብላ።
የተርቦቹ ቤት ከጀርባው እንደተለጠፈ ነበር።
«በካሬ ስንት ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት።
ሳቀች። «ሐር እንኳ» አለች «በዚህ አይሸጥም።»
ገባች። የስፌት መኪናው ድምፅ ጀመረ።

ይኸው ነው። አሁን ቦታው ላይ
የውሻ ፀጉር የሚያስተካክሉ ሰዎች ይገባሉ ይላሉ።

ትናንት ሜሬዲት የዓመቱን ሪፖርት ላከችልኝ፣ በቀለም ያጌጠ፣
መስመሩ ወደ ላይ እንደ ሐረግ የሮጠ።
እኔም ዕድገት አይቻለሁ፦
ወይዘሮ ባንግ በነጻ የሰፋችልኝ የሱሪዬ ጠርዝ
ተተረተረና
በአራት ጣት አደገ።
ጭቃ ይጠርጋል፤ ተረከዜ ሥር እየገባ ሊጥለኝ ይደርሳል፤
የሚያሳጥር ሰው ታውቁ እንደሆን
እየጠየቅሁ ነው።